ሶስት ሽቶ ባንድ ጠርሙስ ቀላቅዬ ፍሊት ፍሊት አለኝ

የጠያቂዋ መልእክት ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ ቢሮ ሰራተኛ ነኝ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደሞ ለስራ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። ቲክቶክ ላይ ሽቶ መደራረብ የሚሉትን ነገር አይቼ ሌላ ሰው ላይ የሌለ የራሴ ጠረን እንዲኖረኝ ፈለግኩ። ቤት የነበረኝ ሸዋ ሮቢት የገዛሁት ኡድ የሚባለው የሽታ እንጨት ዘይት፣ ቦዲ ሚስት የሚሉት ሰውነት ላይ የሚነፋ ቀላል የቫኒላ ሽቶ፣ እና ወንድሜ የተወልኝ ሎሚ ሎሚ የሚል ሽቶ ነው። ሶስቱንም ባንድ ባዶ ጠርሙስ ቀላቀልኳቸው። አሁን ፍሊት ፍሊት ይላል፣ ፈሳሹም ደፍርሷል። ጠዋት ስነፋው ብዙም አይሸተኝም፣ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ግን ሰው ሁሉ ራሴን አመመኝ ይለኛል። ቆዳዬ ሽቶ አይቀበልም ማለት ነው? እናቴ ደሞ ይሄን ሁሉ ከምትገዢ አደስና ጠጅ ሳር በዳግም አረቄ ዘፍዝፈሽ ለምን አትሰሪም አለችኝ። የቱ ይቀድማል፣ የቱ ይከተላል፣ ስንት ልደርብ?»

ቆዳሽ ምንም አልሆነም። አንደኛው ችግር ጠርሙሱ ነው፣ ሁለተኛው ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ የምታልፊው የጣርማበር ተራራ ነው። ሁለቱንም እመጣባቸዋለሁ።

መጀመሪያ ጠርሙሱ። መደራረብ ማለት ሰውነት ላይ አንዱን ካንዱ አስከትሎ ማድረግ ነው እንጂ መቀላቀል አይደለም፣ ቲክቶክ ላይ ያሉት ልጆች ይሄን አይነግሩሽም እንጂ ሁለቱ የተለያዩ ስራዎች ናቸው። የሚነፋ ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነው፣ ቦዲ ሚስት ደሞ ከሽቶ ይልቅ ብዙ ውሃ አለው፣ የኡድ ዘይት የሚሉት ደሞ ብዙ ጊዜ ሽታው በሌላ ዘይት ቀጥኖ ነው የሚሸጠው። ያ ዘይት ከአልኮልና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ቅቤ ነው የሚሆነው፣ አይሟሟም፣ ይደፈርሳል፣ ቆይቶ ይለያል፣ የመንፊያውን ቀዳዳም ይደፍናል። አንቺ ደፈረሰ ያልሽው እሱ ነው። ከዛ ሌላ ደሞ አንዴ ከተቀላቀለ መመለሻ የለውም፣ ኡዱ በዛ ብለሽ ልትቀንሺው አትችዪም፣ ሎሚውን ብትጨምሪበት ኡዱ አይቀንስም። ሽቶ ቀማሚ ላብራቶሪ ውስጥ በጠብታ እየመዘነ፣ እየጻፈ፣ አንዱን ቀመር መቶ ጊዜ እያበላሸ ነው የሚሰራው። እኔ ራሴ ኬሚስት ነኝ፣ ለሳሙናና ለሎሽን ሽታ መቀመም ነው እንጀራዬ፣ ያለ ሚዛን ባንድ ጊዜ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጬ የተሳካልኝ ነገር የለም።

አሁን ለምን ፍሊት እንዳለሽ። አንድ ሽቶ አንድ ሽታ አይደለም። መጀመሪያ የሚወጣው ቀላሉ ነው፣ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቤርጋሞት ምናምን፣ እነዚህ ሞለኪውላቸው ትንሽና በራሪ ስለሆነ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሄዳሉ። ከስር አበባውና ቅመሙ ይከተላል፣ እሱ ጥቂት ሰዓት ይቆያል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ከባዱ ነው፣ እንጨቱ፣ ሚስኩ፣ ቫኒላው፣ ሙጫው፣ ይሄ ቀኑን ሙሉ ልብስ ላይ ሊያድር ይችላል። እንግዲህ እያንዳንዱ ሽቶ የራሱ ላይ፣ መሀልና ስር ካለው ሶስት ሽቶ ስትቀላቅዪ ዘጠኝ ንብርብር ነው ባንዴ የምትለቂው፣ ሁሉም በየራሱ ሰዓት እየመጣ ሌላው ላይ ይወጣል። ቫኒላ ጣፋጭ ነው፣ ኡድ ጭስ ጭስና በረት በረት የሚል ጎን አለው፣ ሎሚው ስለታም ነው፣ ሶስቱ እኩል መጠን ሲሆኑ አፍንጫ የሚይዘው ስለታሙንና ኬሚካል የሚመስለውን ጫፍ ነው፣ ፍሊት ያልሽው እሱን ነው።

ስለዚ መደራረብ የሚሰራው አንዱ ሙሉ ሽቶ ሆኖ ሌላው ደሞ ቀላል፣ ባለ አንድ ባህሪ ነገር ሲሆን ነው። አንድ ተናጋሪ አንድ አዳማጭ በዪው። ሁለት ወሬኛ ባንድ ምንጣፍ ቡና ሲጠጡ አይተሽ አታውቂም? ማንም ማንንም አይሰማም። ተናጋሪው ሎሚው ከሆነ አዳማጩ ለስላሳ ሚስክ ወይ ትንሽ ኡድ ይሆናል፣ ተናጋሪው ኡዱ ከሆነ አዳማጩ ጽጌረዳ ብቻ የሆነ ነገር ይሁን። ኡድና ጣፋጭ ቫኒላ ግን ሁለቱም ተናጋሪ ናቸው፣ ሁለቱም ከባድ ናቸው፣ ሁለቱም አይሄዱም። እነሱን የሚያስማማ ሰው የለም እያልኩ አይደለም፣ የአረብ ሽቶ ቤቶች በደንብ ያስማሟቸዋል፣ ግን እነሱ በሚዛን ነው፣ አንቺ በግምት ነው።

ወደ ጣርማበር እንሂድ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ፣ መሀሉ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተሽ ጣርማበርን ታልፊና በደብረ ሲና ቁልቁል ትወርጃለሽ። ሽታ ማለት ከቆዳ ወደ አየር የሚነሳ ሞለኪውል ነው፣ የሚነሳው ደሞ በሙቀት ነው። በግምት በየ10 ዲግሪው ቅዝቃዜ የሚነሳው መጠን ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጥቅምት ህዳር ላይ ውርጭ በጣለበት ጠዋት እጅሽ ላይ ብትነፊው አልኮሉ ቶሎ ይበናል፣ ሽታው ግን ቆዳሽ ላይ ተኝቶ ይቀራል። አንቺ አልሸተተኝም ብለሽ ትደግሚያለሽ፣ ትሰልሺያለሽ። ከዛ ሚኒባስ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ መስኮት የሚከፍት የለም (ብርድ ገባ ይባላላ፣ ሀገሩን ታውቂዋለሽ)፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሙቀቱ እየጨመረ ይመጣል፣ ጠዋት የተኛው ሁሉ ባንዴ ይነሳል። ደብረ ሲና ስትደርሺ የሶስት ቀን ሽቶ ለብሰሽ ነው የምትደርሺው። አንድ ጊዜ እዛው መንገድ ላይ ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ በጣም ጣፋጭ ነገር ሰልሶ ተነፍቶ፣ ጠመዝማዛው ላይ ሁለት ሰው አስታውኳል፣ እኔ ሶስተኛ ልሆን ትንሽ ነው የቀረኝ። ልጁ ግን ምንም አልሸተተውም፣ እንደውም ከቦርሳው አውጥቶ ሊደግም ነበር።

ያልሸተተው ውሸቱን አይደለም። አፍንጫ የለመደውን ሽታ በደቂቃዎች ውስጥ መቁጠር ያቆማል፣ ኩበት ጭስ ቤት ያደገ ሰው የቤቱ ጭስ የማይሸተው ለዚህ ነው። ከዛ ላይ ደሞ አንዳንድ የሚስክ አይነቶች ጭራሽ የማይሸታቸው ሰዎች አሉ፣ ሌላው ሰው ግን ከሩቅ ይሸተዋል። ስለዚ የራስሽን ሽቶ በራስሽ አፍንጫ አትለኪ፣ ለሚያፍር ሰው ሳይሆን እውነቱን ለሚነግርሽ ሰው አሽትቺ፣ ታናሽ እህት ካለችሽ ከሷ የተሻለ መለኪያ የለም። ሽቶ ሱቅ ውስጥ አፍንጫ ያድሳል እያሉ የሚያቀርቡት የቡና ፍሬም ነገሩ ወሬ ነው፣ ተሞክሮ ከንጹህ አየር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ቡና የሚሸት ሀገር ተወልደሽ በቡና ፍሬ አትታለዪ፣ ውጪ ወጥተሽ ተንፍሺ ወይ ሽቶ ያልነካውን የክንድሽን ውስጥ አሽቺ፣ ይበቃል።

ሌላም የተሳሳተ ነገር አለ፣ እጅ ለእጅ ማሸት። «ሞለኪውሉን ይሰብረዋል» የሚሉት ውሸት ነው፣ በመዳፍ መፈተግ የሚሰበር ሞለኪውል አይደለም። ግን ማሸቱ ያሞቀዋል፣ ላይ ላዩ ያለው ሎሚ ቶሎ ይበራል፣ ግማሹም ወደ ሌላኛው እጅ ይሄዳል። ስለዚ አታሺው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ቆዳዬ አይቀበልም ላልሽው፣ የሚያስቸግርሽ ድርቀት ነው። የደብረ ብርሃን አየር በበጋ ደረቅ ነው፣ ንፋሱም አለ፣ በዛ ላይ ብዙ ሰው በብርዱ ምክንያት በሙቅ ውሃና በጠንካራ ሳሙና ነው የሚታጠበው። ደረቅ ቆዳ ላይ ሽቶ የሚይዘው ቅባት የለም፣ ይሄዳል። መፍትሄው ሽቶ መጨመር ሳይሆን ከመነፋትሽ በፊት ሽታ የሌለው ሎሽን ወይ በጣም ስስ ቫዝሊን መቀባት ነው። ሽታ የሌለው ያልኩትን አጥብቀሽ ያዢ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳያውቀው ነው አምስት ስድስት የሚደርበው፦ ሳሙናው ይሸታል፣ ሎሽኑ ይሸታል፣ ዲዮድራንቱ ይሸታል፣ የፀጉር ቅባቱ ይሸታል፣ ልብሱ የታጠበበት ኦሞ ይሸታል፣ ከዛ «ሁለት ሽቶ ብቻ ነው የተጠቀምኩት» ይላል። ኧረ ሁለት አይደለም።

ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈውንም ማወቅ ይጠቅምሻል። እንደ ፋብሪካው ቢለያይም ኮሎኝ ውስጥ ያለው የሽታ ዘይት በመቶ ከ2 እስከ 5 አካባቢ ነው፣ ኦ ደ ቷሌት ከ5 እስከ 15፣ ኦ ደ ፓርፋም ከ15 እስከ 20፣ ፓርፋም ብቻ የሚለው ከዛ በላይ። ቦዲ ሚስት ከሁሉም በታች ነው። ስትደርቢ ከባዱ ይቀድማል፣ ቀላሉ ይከተላል፣ ምክንያቱም ቀላሉን አስቀድመሽ ከባዱን ብትጭኚበት ቀላሉ ታፍኖ ይቀራል። የቱ ይቀድማል ላልሽው መልሱ ይሄው ነው።

የእናትሽን ነገር እንየው። አረቄው አይሆንም። ዳግም የሚባለው እንኳ ግማሽ ገደማው አልኮል ቢሆን ነው፣ ቀሪው ውሃ ነው፣ ለሽቶ የሚውለው አልኮል ግን ከ90 በላይ ንጹህ ነው። በደካማ አልኮል የዘፈዘፍሽው ቅጠል ከሽታው ይልቅ ቀለሙንና መራራውን ነው የሚያወጣልሽ፣ በዛ ላይ አረቄው የራሱ ሽታ አለው፣ ጌሾው አይለቅም። ቢሮ ውስጥ ሰው የሚያስበው አደስ ነው ያላት አይልም፣ ጠዋት ጠዋት ጠጥታ ነው የምትገባው ነው የሚለው። አረቄውን ለእንግዳ አስቀምጡት።

ግን እናትሽ አንድ ነገር ላይ ካንቺም ከቲክቶክም ትበልጣለች። አደስን ቅቤ ውስጥ ማስገባት የሚሉት ዘዴ ትክክለኛ የሽቶ ሳይንስ ነው። ስብ ሽታ ይይዛል፣ ይዞም ቀስ እያለ ይለቃል። ፈረንሳይ ሀገር ግራስ የምትባለው የሽቶ ከተማ ድሮ የጃዝሚንን ሽታ የምታወጣው አበባውን የአሳማና የከብት ሞራ ላይ እየነሰነሰች ነበር፣ ሞራው ሽታውን ሲጠጣ አበባውን ያነሱና ሌላ ይነሰንሱበታል። የኛ እናቶች አደስና ጠጅ ሳር ያለበትን ለጋ ቅቤ ፀጉራቸው ላይ ሲያደርጉ የሚሰሩት ከሱ ብዙም አይርቅም። ከዛ ነጠላቸው እጣን ጠጥቶ ነው የሚውለው፣ ከዛ የቡና ቁላቱ ጭስ አለ፣ ጋኑ በወይራ ሲታጠን ደሞ ጓዳው ሁሉ ወይራ ይላል። ይሄ ሁሉ መደራረብ ነው፣ ስም አላወጡለትም እንጂ።

ለምን ይሄን አነሳሁ? አንቺ ቤትሽ ስትወጪ ባዶ አይደለሽም። ጋቢሽ፣ ሹራብሽ፣ ፀጉርሽ አንድ ንብርብር ቀድሞ ይዟል። ሱፍ ደሞ በጣም ሽታ ያዥ ነው፣ የመንዝ ባና ያለበት ቤት ያደገ ያውቀዋል። እና የራሴ ጠረን ብለሽ የምትፈልጊው ነገር ግማሹ እቤትሽ አለ። እጣኑን ተመልከቺው፦ ከሀገራችን ሰሜን የሚመጣው የእጣን ዛፍ ሙጫ ዘይቱ ውስጥ በብዛት ያለው ኦክቲል አሲቴት የሚባል ነገር ነው፣ እሱ ደሞ ብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ሽታ አለው። ሳይጨስ ጥሬውን እፍኝሽ ውስጥ ሞቅ አድርገሽ አሽቺው፣ ትረጃለሽ። እንግዲህ ያንቺ የወንድምሽ ሎሚ ሽቶና እጣን የተጣላ ዘመድ አይደሉም፣ ድሮም ባንድ ቋንቋ ነው የሚያወሩት። ጦስኝም እንዲሁ ነው፣ ከሎሚና ከእንጨት ሽታ ጋር ይሄዳል፣ ግን ጦስኙን ሻይሽ ውስጥ ተዪው፣ ዘይቱ ቆዳ ያቃጥላል።

ሰንደል ለምትወዱ ደሞ አንድ ነገር፦ በየሱቁ የሚሸጠው ስንጥር ስሙን የወሰደው ከሰንደል እንጨት ነው እንጂ ብዙው የእንጨትና የከሰል ዱቄት ተለውሶ ሽቶ የተነከረ ነው። ስለዚ ሰንደል አጭሰሽ ሽቶ ስትነፊ እጣን እንደማጨስ አይደለም፣ ሌላ ሙሉ ሽቶ ነው የጨመርሽው። ቁጠሪው።

ዝባድም ይጠየቃል፣ አንቺ ባትጠይቂም። ከጥርኝ የሚወጣው ዝባድ በቀንድ እየተሞላ ለዘመናት ከኢትዮጵያ ሲወጣ ኖሯል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአንኮበር ስር ባለችው ዓልዩ አምባ ገበያ አድርጎ ወደ ታጁራ የሚወርደው ቅፍለት ከሚጭነው ውስጥ አንዱ እሱ ነበር። ጥሬው ይገማል፣ በሺህ እጅ ሲቀጥን ነው ሞቅ ያለ የሰውነት ሽታ የሚሰጠው፣ ዛሬ ትላልቆቹ ሽቶ ቤቶች በአብዛኛው በፋብሪካ በሚሰራ ተክተውታል። በቀንድ ያለ ነገር አያቴ አስቀምጣለች ብለሽ እንዳትቀቢው፣ ጎረቤት ያጣላል።

የምትጠነቀቂያቸውን ነገሮች ልበልና ወደ ምክሬ ልግባ። ሽቶ አልኮል ነው፣ አልኮል ይቀጣጠላል። ቡና እየተፈላ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ እጣኑ እየጨሰ አጠገቡ ቆመሽ እንዳትነፊ፣ የተነፋበት ነጠላም እስኪደርቅ ፍም ላይ አይጠጋ። ልብስ በእጣን የምታጥኚ ከሆነ ማጠኑ ይቅደም፣ ሽቶው ይከተል፣ በተገላቢጦሽ በፍጹም። ይሄ ቅደም ተከተል የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ከዚህም ይብሳል፦ ለእጣን ያቀጣጠልሽውን ከሰል ብርድ ነው ብለሽ በተዘጋ ክፍል ይዘሽ አትተኚ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አፍንጫዬ ጎበዝ ነው የሚል ሰውም አይሸተውም፣ ይገድላል። አስም ያለበት ሰው ቤት ካለ ደሞ ጭሱን ጭራሽ ተዪው።

ፀሀይም አለ። ቤርጋሞትና ተጨምቆ የወጣ የሎሚ ልጣጭ ዘይት ቆዳ ላይ እያለ ጠንካራ ፀሀይ ሲመታው ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል። የታወቁ ፋብሪካዎች ይሄን የሚያመጣውን ነገር ቀንሰው ነው የሚሰሩት፣ ግን ሎሚ ልጣጭ አንገት ላይ መፈተግ ወይ ከገበያ የተገዛ ንጹህ የሎሚ ዘይት መቀባት አይሞከርም፣ በተለይ እኛ ጋ፣ የፀሀዩ አልትራ ቫዮሌት በየ1,000 ሜትር ከፍታ ወደ 10 ከመቶ ይጨምራልና። ብርዱ ፀሀዩ የሌለ ያስመስለዋል እንጂ ደጋ ላይ ነው የሚጠብሰው። ማንኛውንም አዲስ ነገር ደሞ መጀመሪያ ክንድሽ ውስጥ ትንሽ ነክተሽ አንድ ሁለት ቀን ጠብቂ። ካርቶኑ ላይ ሊሞኒን፣ ሊናሉል ምናምን የሚል ዝርዝር ብታዪ አትደንግጪ፣ አውሮፓ በ2003 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 26 አለርጂ የሚያስነሱ ሽታዎች በስም እንዲጻፉ አስገደደ፣ በ2023 ደሞ ዝርዝሩን ከ80 በላይ አደረሰው፣ ለሚያሳክከው ሰው እንዲያውቀው ነው። ዝርዝር ጨርሶ የሌለው ጠርሙስ ነው የሚያስፈራኝ። ሽታ ስትደራርቢ አለርጂውንም ትደራርቢያለሽ፣ ቢያሳክክሽ ከስንቱ የቱ እንደሆነ አታውቂውም።

ነጭ ልብስ ላይ አትንፊ። ቫኒላ ያለበት ሽቶ ሲቆይ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ ዘይቱ ደሞ እድፍ ያደርጋል፣ የጥምቀት ቀሚስሽን ታበላሺዋለሽ። ለቅሶ ቤትም ሽቶ ይዘሽ አትሂጂ፣ ይሄን እኔ ልነግርሽ አይገባም።

አሁን ምክሬ። ሁለት ብቻ። ካንድ ብርቱ ሁለት መድሃኒቱ ይባል የለ፣ ለሽቶም እንደዛ ነው፣ ሶስተኛውን ተዪው። ካሉሽ ውስጥ ቫኒላውን ለማደሪያ አድርጊው፣ ማታ ተነፍተሽው ተኚ፣ ከቤት አይውጣ። ሎሽንና ዲዮድራንትሽን ሽታ በሌለው ቀይሪ። ደብረ ብርሃን በምትውዪበት ቀን ከኡዱ ዘይት አንዲት ጠብታ፣ ጠብታም ሳይሆን ጠርሙሷ ውስጥ ያለችውን የመቀቢያ ዱላ ጫፍ ያህል፣ ደረትሽ ላይ ከሸሚዝሽ ስር ንኪ። ደረት ያልኩሽ እጅና አንገት ብርድ ስለሚመታቸው ነው፣ ከልብስ ስር ያለ ሰውነት ግን ይሞቃል፣ እያሞቀ ቀስ ብሎ ያወጣዋል። ቁርስሽን ብዪ፣ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ይለፍ፣ ከዛ ሎሚውን ከአንድ ስንዝር ርቀት አንዴ አንገትሽ ኋላ፣ አንዴ የስካርፍሽ ውስጠኛ ፊት ላይ ንፊው። በቃ። ባይሸትሽም አትድገሚ፣ ከላይ ለምን እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ሁለቱን የግድ አንድ ቦታ ላይ መጫን የለብሽም፣ ደረት ላይ አንዱ፣ አንገት ላይ ሌላው ሲሆን አየር ላይ ነው የሚገናኙት፣ ለጀማሪ ይሄ ነው የሚሻለው።

ሸዋ ሮቢት በምትወርጂበት ቀን ኡዱ እቤት ይቅር። ጠዋት ምንም አትንፊ፣ ሎሚውን በትንሽ ባለ 5 ሚሊ ጠርሙስ ያዢና ስትደርሺ፣ ላብሽን ጠራርገሽ፣ አንዴ ብቻ። ቆላ ላይ ላብ ራሱ ይሞቃል ይሸታል፣ ከባድ ሽቶ ላብ ላይ ሲጫን ሁለቱም ይብሳሉ። እዛው ሀገር ኡድና ቡኹር የሚያጨሱ ሰዎች አሉ አውቃለሁ፣ እነሱ ግን ማታ ማታ ቤታቸው አጭሰው ልብሱ ላይ ነው የሚያሳድሩት፣ እንዳንቺ ሚኒባስ ውስጥ ይዘው አይገቡም።

ይሄን ከማድረግሽ በፊት ግን በወረቀት ሞክሪው። ሽታ የሌለው ነጭ ወረቀት በቀጭኑ ቁረጪ፣ አንዱ ላይ ኡዱን፣ አንዱ ላይ ሎሚውን አድርጊና ሁለቱን ወረቀት እንደ ማራገቢያ ይዘሽ አፍንጫሽ ፊት አወዛውዢ። ካልተጣሉ ሌላ ሎሚ የነካ ወረቀት ጨምሪና አንድ ለሁለት፣ አንድ ለሶስት እያልሽ እዪው። ወዲያው አትፍረጂ፣ መጀመሪያ የሚማርክሽ ሎሚው ነው፣ እሱ ደሞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የለም። ከአራት አምስት ሰዓት በኋላ የቀረውን አሽቺ፣ ካንቺ ጋር የሚውለው እሱ ነው። በየቀኑ አንድ ሙከራ ብቻ፣ በደብተር እየጻፍሽ፣ ሳምንት ይበቃሻል። ኡዱ ከከበደሽ በሱ ፈንታ ለስላሳ ሚስክ ዘይት ግዢ፣ ከሎሚ ጋር የማይስማማ ሚስክ እኔ አላጋጠመኝም። ኡድም ሚስክም ካልፈለግሽ ደሞ ቅዳሜ ማታ ሹራብሽን በእጣን አጥኚውና እሁድ ከሰዓት ሎሚውን ብቻ ንፊበት፣ ለኔ ከሶስቱ ይሄኛው ነው የሚጥመኝ፣ ሱቅ ገብተሽ የምትገዢው ነገርም አይደለም።

ማንም የሌለው ጠረን ላልሽው፣ ጠርሙሱማ በሺህ የሚቆጠር ሰው እጅ አለ። የማይገኘው ያንቺ ሹራብ፣ ያንቺ ቤት እጣን፣ ያንቺ ቆዳ ሙቀት ነው፣ ስለዚ ሽቶው እሱን እንዳይሸፍነው ነው ሁለት ብቻ ያልኩሽ።

ያቺን የደፈረሰች ጠርሙስ በተመለከተ፣ አትድንም። ቆዳሽ ላይ አታድርጊያት፣ ምድጃ ላይም እንዳትደፊያት። ጥጥ ላይ አንጠባጥበሽ የጫማ ካርቶን ውስጥ አድርጊው፣ ከነጭ ልብስ አርቂው፣ ኡዱ ወር ሁለት ወር ይቆይልሻል። ጫማው ፍሊት ፍሊት ቢል ማንም አይጠይቅሽም።